የናግራን ቤተ ክርስቲያንና የእኛ ትንንሽ መቅደሶች

በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ስንክሳር ሲነበብ የሰማዕታተ ናግራንን ዜና እንሰማለን። ናግራን ዛሬ በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ከጂዛን በስተምሥራቅ፣ በየመን ወሰን አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። የቅዱስ ኂሩትን ገድል ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ሰማዕታቱ የጸለዩባት ቤተ ክርስቲያን ግን ቆማ አትታይም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ523 ዓ.ም. የሒምያር ንጉሥ ዮሴፍ፣ በእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ የተባለው፣ በናግራን ክርስቲያኖች ላይ ተነሣ። በሶርያ ቋንቋ የጻፈው ስምዖን ዘቤተ አርሻም፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በውስጧ ከነበሩት ጋር እንደ ተቃጠለች በመልእክቱ ተናግሯል። ከናግራን በስተሰሜን በሒማ ዓለት ላይ የንጉሡ የጦር አለቃ ያስቀረጸው ጽሑፍም ስለ ዘመቻውና ስለ ቤተ ክርስቲያን መቃጠል ይመሰክራል። ከዚህ በኋላ ዐፄ ካሌብ በ525 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ዘመተ። ቈይቶም አብርሃ በሰንዓ «ቀሊስ» የተባለውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ እርሱም ፈረሰ። የሒማ የዓለት ጽሑፎች በ2021 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። እንግዲህ የአሳዳጁ ጽሑፍ ሲነበብ የተሰዳጆቹ መቅደስ አይታይም ማለት ነው።

በእኛ አገር ግን የዚያ ዘመን አሠራር ጨርሶ አልጠፋም። የካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ለአቡነ አረጋዊ እንዳሠራት በትውፊት የሚነገርላት የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን አለችና። ግድግዳዋ ድንጋይና እንጨት በየተራ እየተነባበረ የተሠራ ነው፤ አግዳሚው እንጨት ካቡን አስሮ ይይዛል። ወደ ውጭ ብቅ ያሉት የግንድ ጫፎችም «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። የመግቢያዋ ጣሪያ የአራዊት ምስል በተቀረጸበት እንጨት ተለብጧል። የላሊበላ ጠራቢዎችም ቤተ አማኑኤልን ሲፈለፍሉ ይህንኑ መልክ በዓለት ላይ አወጡት። ዓለቱ የእንጨት ማሰሪያ አያሻውም፤ ነገር ግን አባቶች የሕንፃውን ሥርዓት እንደ ዜማና እንደ ንባብ ይቀባበሉት ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሬ ልምጣ። በየገጠሩ አሮጌዋ መቅደስ «ጠበበች፣ አረጀች» እየተባለች ስትፈርስና በቦታዋ የሲሚንቶ ሕንፃ ሲቆም ይታያል። ምእመናን በዝተዋልና ሰፊ ቤት ያስፈልጋል የሚሉ ወገኖች ነገራቸው እውነት ነው፤ እኔም አልክድም። ግን ሰፊውን ለመሥራት ትንሿን ማፍረስ ግድ አይደለም፤ በአጠገቧ ሊሠራ ይችላል። ያረጀችውም ትታደሳለች፤ በ1948 ዓ.ም. ደብረ ዳሞ በእንግሊዛዊው የሕንፃ ባለሙያ በዴሪክ ማቲውስ መሪነት የጥንቱን አሠራር ተከትላ ታድሳለችና። ያረጀ ብራና ይጠረዛል፣ ይገለበጣል እንጂ ስለ አረጀ ወደ እሳት አይጣልም።

ተማሪዎች ወንድሞቼ፤ በሄዳችሁበት ደብር የበሩን፣ የመስኮቱን፣ የምሰሶውን ልክ በክንድ ለኩ፤ የእንጨቱን ዓይነት ጠይቁ፤ ሥዕሉን ነድፋችሁ በመዝገብ አኑሩ። ተሳላሚዎች ሆይ፤ ለአዲስ ሕንፃ ስትለግሡ «አሮጌዋስ ምን ትሆናለች?» ብላችሁ አለቃውን በትሕትና ጠይቁ። ናግራንን እሳት ወሰዳት፤ የእኛዎቹን በገዛ እጃችንና በገዛ ገንዘባችን ብናፈርሳቸው ግን በማን እናመካኛለን?