ከሽሮው በፊት

ታናሽ እህቴ ሜሪላንድ ስትወልድ እናታችን አራስ ልትጠይቅ ሄደች። ቪዛው ከተመታበት ቀን ጀምሮ የቤቱ ወሬ በርበሬ ነበር። የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፤ ሽሮው፣ በሶው፣ የገንፎው እህል ተመዝኖ ገባ። እናቴ ስኳር ካለባት ዓመታት ተቆጥረዋል። ኢንሱሊኗ የታሰበው ግን በመጨረሻው ምሽት ነው። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይሻለዋል ብዬ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ በሽሮውና በበሶው መሀል የሸጎጥኩትም እኔው ነኝ።

ሊሸኛት የመጣ ጤና ባለሙያ ጎረቤታችን አይቶ ሻንጣውን አስፈታን። የአውሮፕላኑ የዕቃ ክፍል ኢንሱሊንን በረዶ ሊያደርገው ይችላል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም መታመን የለበትም፤ በዓይን አይቶ መለየትም ያስቸግራል። መድኃኒቱ፣ መርፌው፣ የስኳር መለኪያው፣ ሁሉም በእጅ ሻንጣ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን እሱም አልጠየቀን፤ እኛም አልቆጠርንም። እናቴ በቀን 40 ዩኒት ትወጋለች። ባለ 10 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይይዛል፤ 25 ቀን ያደርሳታል። ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ቆይታ ስድስት ወር ነው፤ ለዚያ ስምንት ብልቃጥ ያስፈልጋል፤ ቢሰበር ወይም መመለሻው ቢዘገይ ደግሞ ሁለት መጠባበቂያ። እኛ የላክነው አራት ነው። «አሜሪካ መድኃኒት ይጠፋል እንዴ?» ተባባልን።

መድኃኒቱስ አልጠፋም። አብዛኛው የጎብኚ ኢንሹራንስ ግን ቀድሞ የነበረ ሕመም አይሸፍንም። እናቴ ይህን ሰማች፤ ልጇ ሥራ ላይ አለመሆኗንም ታያለች። ሦስተኛው ብልቃጥ ሲጋመስ 40ውን 25 አደረገችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ይዛው የሄደችው 50 ስትሪፕም አልቆ ነበር፤ የሌላ መለኪያ ስትሪፕ ደግሞ ለእሷ መለኪያ አይሆንም። ሌሊት እየተነሳች ውኃ ስትጠጣ እህቴ የሕፃኑ ለቅሶ እንቅልፍ የነሳት መስሏት ነበር።

ነገሩ የታወቀው ስኳር ያለባት አክስታችን ከቶሮንቶ ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ ነው። በራሷ መለኪያ እናቴን ለካቻት፤ 17 አለ። 150 እና 180 ማየት የለመደችው እናቴ «ተመስገን፣ ወርዶልኛል!» አለች። አክስቴ ግን ክው አለች። የካናዳ መለኪያ የሚያሳየው በሚሊሞል ነው፤ እኛ ወደለመድነው ቁጥር ለመመለስ በ18 ይባዛል። እናቴ ከ300 በላይ ሆና ነው የምታመሰግነው።

«ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«አራስ አይደለሽ እንዴ ልጄ? በምን አፌ?»

ይህን መልስ እስከዛሬ አልረሳሁትም። ይሉኝታ በብዙ ነገር ያኮራኛል፤ ከኢንሱሊን ላይ ሲቀንስ ግን ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ እግርን ነው የሚቀንሰው። ደግሞም ጥፋቱን ለእሷ ብቻ አልተወውም። እንዳትናገር ያደረጋት ቆጥረን አለመላካችን ነው። አሥር ብልቃጥ ይዛ ቢሆን ማንን ታስቸግር ነበር?

እህቴ በማግስቱ እንደ ገቢ መጠን ወደሚያስከፍል የማኅበረሰብ ክሊኒክ ወሰደቻት። የያዝነው ወረቀት ላይ የተጻፈው እዚህ የሚታወቀው የንግድ ስም ብቻ ስለነበር እዚያ ያለውን አቻ ለማግኘት ጊዜ ወሰደ። የመድኃኒቱ ዋና ስምና መጠኑ በእንግሊዝኛ የሰፈረበት የሐኪም ደብዳቤ ቢኖራት ይህ ሁሉ ባልመጣ። ነርሷ መቼ እንደምትወጋ ጠየቀቻት። «ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት» አለች እናቴ። እህቴ አጠገቧ ባትኖር የእኛ ሁለት የእነሱ ስምንት መሆኑን ማን ይነግራት ነበር? በመድረሻው አገር ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ የመውጊያ ሰዓት ከደብዳቤው ጋር መሄድ አለበት። የሰባትና የስምንት ሰዓት ልዩነት ባለበት መንገድ መጠኑ እንዴት እንደሚሸጋሸግም ሐኪሟን አስቀድሞ መጠየቅ ነው እንጂ አውሮፕላን ውስጥ በግምት አይሆንም።

እህቴ ዘንድሮ ሁለተኛ ልጅ ልትወልድ ነው፤ እናቴም የፊታችን ወር ትሄዳለች። ፍሪጃችን ውስጥ፣ ከበረዶ ቤቱ ራቅ ብለው፣ አሥር ብልቃጦች ተደርድረዋል። ስትሪፑም መርፌውም ለስድስት ወር ተቆጥሮ በእጅ ሻንጣዋ ገብቷል፤ ደብዳቤውም ከፓስፖርቷ ጋር ነው። ሽሮው ገና አልተመዘነም።