ድንጋይ አይበየድም

በዚህች ዓምድ ስለ ሀገር እንጂ ስለ ጠረጴዛ እግር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጉዳዬ የጠረጴዛ እግር ነው። «ሰውዬው ወሬ አለቀበት» የምትሉኝ ብትኖሩ አልቀየምም። ሆኖም ቤታችሁ የድንጋይ ጠረጴዛ ካለ፣ በተለይም ከሥሩ የሚሹለከለክ ሕፃን ካለ፣ ይህችን ሳታነቡ ጋዜጣውን አትጣሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሴንት ፖል ትልቅ ትንሹ «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው አንድ አባት አሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ምን አለሽ ተራ አጠገብ የብየዳ ቤት ነበራቸው። «የመርካቶን ግማሽ በር የበየድኩት እኔ ነኝ» ሲሉ የሚሰማቸው ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም። ከተሰደዱ ወዲህ ኤሌክትሮድ ጨብጠው አያውቁም። ሃያ ምናምን ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ሲሰበስቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። የእጅ ሙያ ያለው ሰው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይሆንለትምና፣ አንድ ቀን የወጥ ቤት ባንኮኒ ከሚቆርጥ ድንጋይ ቤት ጓሮ የተጣለ ግራናይት አዩ። ቁራጭ ነው፤ ግን ቁራጩ ጠረጴዛ ያህላል። «ይኼ እኮ እኛ አገር የሚኒስትር ጠረጴዛ ነው!» አሉና በርካሽ ገዝተው ጋራዣቸው አስገቡት።

እግሮቹን ከብረት ቆረጡ፤ በያንዳንዱ እግር ጫፍ መዳፍ የምታክል ላሜራ በየዱ። ላሜራው ከድንጋዩ ጋር በምን ይያያዝ? «ድንጋይ አይበየድም» አሉኝ በስልክ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ነበር። ከመሣሪያ መደብር ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ገዙና አዋሕደው ለጠፉ። በማግሥቱ ጠረጴዛው ቆመ። ወሩ ጥር ነበር፤ የሚኒሶታ ጥር።

ጠረጴዛውን ልጃቸውን ክርስትና የሚያስነሡ ወጣት ባልና ሚስት ገዙት። በድግሱ ዕለት ልጆቹ ሁሉ ከሥሩ ገብተው በነጠላ ድንኳን ሠርተው ሲጫወቱ አረፈዱ። ዳቦ ሊቆረስ ሲል ተጠሩና ነጠላውን እዚያው ወለሉ ላይ ትተው ወጡ። ቦታ ይስፋ ብለን አራት ወንዶች፣ አንዱ እኔ ነኝ፣ ድንጋዩን ከዳር ከዳር ይዘን አነሣነው። ሁለት እርምጃ ሳንሄድ አንደኛው እግር ዱብ አለ። ደንግጠን እዚያው መልሰን ስናወርደው ሁለተኛው እግር ታጠፈና ጠረጴዛው በጎኑ ወረደ። ድንጋዩ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 75፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ግራናይት በአንድ ሜትር ኩብ 2,700 ኪሎ ገደማ ይመዝናልና ያ ሰሌዳ 73 ኪሎ ነበር ማለት ነው። ማንም አልተጎዳም። ነጠላው ግን ከድንጋዩ ሥር ቀርቶ ነበር። የሕፃኑ እናት ጎትታ ስታወጣው የነበራት ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ጋሼ ገንዘቡን በዚያው ምሽት መለሱ። ከዚያ ሦስት ቀን ስልክ አላነሡም። በአራተኛው ቀን ሄጄ ጋራዡ ውስጥ አገኘኋቸው፤ የወደቁትን እግሮች ፊት ለፊታቸው ደርድረው ተቀምጠዋል። «አንተ ልጅ፣ ስንት ዘመን በየድኩ፤ አንድ በር ወድቆብኝ አያውቅም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እግሮቹን ማገላበጥ ጀመርን።

ማጣበቂያ ለምን እንደ ለቀቀ ከለቀቀው ገጽ ይታወቃል። የድንጋይ ፍርፋሪ ይዞ ከመጣ ማጣበቂያው ሥራውን ሠርቷል፤ የተሸነፈው ድንጋዩ ነው። ከሁለቱም ወገን ተካፍሎ ከቀረ የተሰበረው ራሱ ማጣበቂያው ነው። ከአንዱ ወገን ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ግን ቀድሞም አልተያያዘም። የመጀመሪያው እግር ላሜራ እንደ መስታወት ንጹሕ ነበር። ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ጥቁር ቅርፊት ለብሶ፣ በላዩም ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ጋሼ በጨርቅ ወልውለውታል እንጂ እስኪያብረቀርቅ አልፋቁትም፤ በአሴቶንም አላጠቡትም። የሁለተኛው እግር ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ መረብ ተሸክሞ መጣ። ለካስ ብዙ የድንጋይ ሰሌዳ እንዳይሰበር ተብሎ በጀርባው ቀጭን የፋይበር መረብ ይለጠፍበታል። ጋሼ የለጠፉት ድንጋዩ ላይ ሳይሆን መረቡ ላይ ነበር። መረቡ ሲለቅ እግሩም አብሮ ለቀቀ።

ብርዱም አለ። አብዛኛው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በወጉ አይደርቅም። ጋሼ ማሞቂያ ለኩሰው ነበር፤ ማታ ግን አጠፉት። አየሩ ቢሞቅም 73 ኪሎ ድንጋይ በአንድ ከሰዓት አይሞቅም። የሞቀ አየር ቀዝቃዛ ድንጋይ ሲነካ ደግሞ ጤዛ ያበጃል፤ ከክረምት ቅዝቃዜ ቤት ስንገባ መነጽራችን እንደሚጨልመው ማለት ነው። እንግዲህ ማጣበቂያው ያረፈው በቀዘቀዘና በረጠበ ድንጋይ ላይ ነበር። በማግሥቱ የጠነከረ መስሎ መታየቱም አያስተማምን፤ ብዙዎቹ ሙሉ ጉልበታቸውን የሚያገኙት በሳምንቱ ነው።

ይህ ሁሉ ቢስተካከልስ? እዚህ ላይ ነው ጋሼ ራሳቸው ጣታቸውን ያሳረፉት። ጠረጴዛ ዝም ብሎ ሲቆም ድንጋዩ ማጣበቂያውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ይህ ምንም አይጎዳውም። ጠረጴዛውን ስንጎትተው ወይም እግሩን ስንረግጠው ግን እግሩ ዲጅኖ ይሆናል። እግሩ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ላሜራው 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ከታች በ10 ኪሎ ብትገፋው ከላይ የላሜራው ጠርዝ ወደ 90 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገነጠላል። ማጣበቂያ ደግሞ ከምንም በላይ የሚጠላው ከጠርዝ መገንጠልን ነው። እኛ አራታችን ያደረግነው ግን ከዚህም የባሰ ነበር፤ ድንጋዩን አንሥተን እግሮቹን በማጣበቂያ ብቻ አንጠለጠልናቸው።

በማጣበቂያ ስለ ማንጠልጠል ከተነሣ የቦስተኑን ዋሻ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2006 ወደ ሎገን አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደ 26 ቶን የሚመዝን የኮንክሪት ኮርኒስ ወድቆ በመኪና ስታልፍ የነበረች አንዲት ሴት ገደለ። ኮርኒሱን የያዙት የብረት ብሎኖች ጣሪያው ውስጥ የተተከሉት በኢፖክሲ ነበር። የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2007 እንዳሳወቀው የተመረጠው ቶሎ የሚደርቀው ዓይነት ነበር። ያ ዓይነት ለአጭር ጊዜ ጭነት ብርቱ ነው፤ ሳያቋርጥ ሲጎተት ግን ቀስ በቀስ፣ ዓይን ሳያየው፣ ይሳባል። እዚያ ዋሻ ውስጥ የነበሩት መሐንዲሶች ናቸው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

አስቂኙ ነገር ይህ ሁሉ የሆነብን በድንጋይና በማጣበቂያ ከተማ መሆኑ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1915 የመጀመሪያው ቅዳሴ የተቀደሰበት የሴንት ፖል ካቴድራል ከውጭ የለበሰው ከሴንት ክላውድ አካባቢ የወጣ ግራናይት ነው። ከከተማው ጥግ ሜፕልውድ ላይ ደግሞ ስሪ ኤም አለ። ይህ ኩባንያ በ1902 ሲመሠረት ማዕድን ቆፋሪ ነበር። መሥራቾቹ ኮረንደም የተባለውን ጠንካራ ማዕድን አገኘን ብለው ቆፈሩ፤ ያገኙት ግን ለሞረድ የማይረባ ሌላ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ነው ወደ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኋላም ወደ ማጣበቂያ የዞሩት። በ1968 አንድ ኬሚስታቸው ብርቱ ማጣበቂያ ሲፈልግ የማይረባ ደካማ ማጣበቂያ ሠራ፤ በ1980 በመላ አሜሪካ ገበያ የወጣችው ቢጫዋ የማስታወሻ ወረቀት ከዚያ የመጣች ናት። ጋሼ ይህን ሰምተው «የኔም ደካማ ነበር፤ ወረቀት ብለጥፍበት ኖሮ ሀብታም ነበርኩ» አሉ። በአራት ቀን ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዳቸው ነው።

የኛንም አገር ድንጋይ አነሣን። በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 በሦስት ቁራጭ ተመለሰ፤ በ2008 ተተከለ። ሲገጣጠም ማያያዣ ዘንጎቹ ብረት እንዳይሆኑ ተደርጎ ኬቭላር ከተባለው ብርቱ ፋይበር ተሠሩ። ብረት ይዝጋል፤ መብረቅም ያስተላልፋል፤ ሐውልቱን በ2002 ሮም ላይ መብረቅ መትቶት ነበር። «አየህ፣ ብረትና ድንጋይ ጠበኞች ናቸው» አሉ ጋሼ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ለምን እናጣብቃቸዋለን? ለምን ድንጋዩ ብረቱ ላይ አይቀመጥም?» ብለው ተነሡ።

የጠፋን እሱ ነበር። ከ4 ሳንቲ ሜትር ቱቦላሬ የጠረጴዛ ሙሉ አጽም በየዱ፦ አራት እግር፣ ዙሪያውን ቀበቶ፣ መሐሉን አጋዳሚ። እግሩ አሁን የሚይዘው ብየዳውን ነው፤ ድንጋዩ ከላይ ይተኛል እንጂ ምንም አይሸከምም። እንዳይንሸራተት ብቻ ሲሊኮን በየቦታው ጠብ ጠብ አደረጉ። ሲሊኮኑ ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸተው እንዳይሆን፤ አሲዱ ብረት ያዝጋል፣ እብነ በረድም ይበላል። ኢፖክሲ ለምን አልተደገመም ብትሉ፣ ከዜሮ በታች 20 ከሆነ ጋራዥ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ አንድ ሜትር ብረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ግራናይቱ ከዚያ ያንሳል። ሲሊኮን ለስላሳ ስለሆነ ሁለቱንም ይታገሣል። ብየዳ የማያውቅ ሰው ደግሞ ወፍራም ኮምፖንሳቶ ከድንጋዩ ሥር በሙሉ ገጹ ለጥፎ እግሩን በብሎን ከኮምፖንሳቶው ጋር ቢያስር ይሻለዋል። መረቡን መፋቅ ግን አይርሳ።

ባለፈው እሑድ ጠረጴዛውን ለነዚያው ባልና ሚስት አደረስንላቸው። ለማምጣት ስንጠይቃቸው መጀመሪያ አመንትተው ነበር፤ አልፈረድኩባቸውም። ድንጋዩንና አጽሙን ለየብቻ አስገብተን እዚያው አሳረፍነው። ጋሼ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከሥሩ በጀርባቸው ተኙና በባትሪ እያበሩ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። የሕፃኑ እናት «ኧረ ይነሡ ጋሼ፣ ቡናው ደርሷል» ብትላቸው፣ «ቆይ ልጄ፣ ይቺን አንዷን ደግሜ ልያት» አሉ።