የሕዝብ ብዛት ርብራብ አያፈርስም

ርብራብ ተንዶ ሰው ባለቀ ቁጥር ሁለት ፍርዶች ይከተላሉ፦ «ቀናቸው ደርሶ ነው»፣ «ሕዝቡ በዝቶ ነው»። የመጀመሪያውን ሐዘንተኛ ቢለው መጽናኛው ነውና ማንም አይነጥቀው። አዘጋጅና ሹም ሲሉት ግን ከተጠያቂነት መሸሻ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ሟቹን ራሱን ጥፋተኛ ያደርጋል።

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ጎንደር፣ በአፄ ፋሲለደስ መዋኛ፣ ለጥምቀት ታዳሚዎች መቀመጫ የቆመው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ በላይ ቆሰሉ። ሕዝቡ ሳይታሰብ በዛ እንበል? በዓሉ ቀኑ የታወቀ ነው። ዩኔስኮም በዚያው ዓመት በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። መቀመጫው ራሱ የተሠራው እኮ ሰው ይመጣል ተብሎ ነው!

ሒሳቡም የተሰወረ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ተጠጋግተው የቆሙ 4 ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 260 ኪሎ ይሆናሉ። የግንባታ ደረጃዎች ግን ሕዝብ ለሚታጨቅበት ወለል 500 ኪሎ ገደማ እንዲታሰብ ያዝዛሉ። ሰው እንደ እህል ጆንያ በተቀመጠበት አይረጋም፤ ጸበሉ ሲረጭ እኩል ብድግ ይላል፣ ይዘላል፣ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ቋሚ እንጨት ከላይ የሚመጣውን ክብደት ቢሸከምም የጎን ግፊት ይጥለዋል። ያንን የሚመክተው በሰያፍ የሚመታው ማገር ነው። ማገሩ ስንት ይሁን? በየትኛው መወጣጫ ስንት ሰው ይግባ? ሲሞላ ማን ይዝጋ? ይህ ሁሉ እንጨቱ ሳይገዛ የሚወሰን ነው። በበዓሉ ማለዳ የሚሰማራ ፖሊስ ሰልፍ ያስይዛል እንጂ ያልተመታ ማገር አይመታም። ከአደጋው በኋላ የሚቋቋመው ኮሚቴማ ጅብ ከሄደ የጮኸው ውሻ ነው።

ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በንግሥ ዕለት ሌላ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች አለቁ። ይህኛው የግንባታ ርብራብ ነበር። ንግሡ በዚያ ቀን እንደሚውል ግን ከሊቅ እስከ ደቂቅ ያውቃል። ስለዚህ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር ነበር፦ ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት ርብራቡ ይነሣ ወይስ ይታጠር?

«ገንዘብ የለም» የሚሉ አሉ። ለድምፅ ማጉያና ለባነር ገንዘብ ያገኘ አዘጋጅ ለማገርና ለሚስማር አያጣም። «ጠባቂው እግዚአብሔር ነው» ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፤ ጸሎት ሒሳብ አይከለክልም።

እንግዲያው የሕዝብ ደኅንነት ከፕሮግራሙ ግርጌ የሚጻፍ ማሳሰቢያ መሆኑ ይቅር፤ የዕቅዱ የመጀመሪያ መስመር ይሁን። ስንት ሰው እንደሚሸከም አስልቶ በስሙ የፈረመ ባለሙያ የሌለው ርብራብ ሰው አይውጣበት፤ በዓልም ቢሆን፣ ምርቃትም ቢሆን፣ ኮንሰርትም ቢሆን። ይህ አንድ ፊርማ ግዴታ በሆነ ማግሥት «ቀናቸው ደርሶ ነው» የሚባልለት የርብራብ አደጋ ያከትማል።