«አይጹሙ» ማለት ብቻ አይበቃም

የስኳር ሕመምተኛ ስለ ጾም ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «አይጹሙ» ነው። «እሺ ዶክተር» ይልና ወጥቶ ይጾማል። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ ሙስሊም ሕሙማንን ያካተተው ኤፒዲያር የተሰኘ ጥናት፣ ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው 79 በመቶው፣ ዓይነት አንድ ካለባቸው ደግሞ 43 በመቶው በረመዳን ቢያንስ 15 ቀን መጾማቸውን አሳይቷል። በዚያው ወር አደገኛ የስኳር መውረድ ከወትሮው በብዙ እጥፍ ጨምሯል። እንግዲህ ክልከላው ጾሙን ካላስቀረ፣ ያስቀረው ምክሩን ነው ማለት ነው።

ጣጣው ከረሃቡ ይልቅ በመድኃኒቱ ሰዓት ላይ ነው። ግሊቤንክላማይድ ምግብ ኖረም አልኖረም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል። ጠዋት ከቁርስ ጋር እንዲውጠው የታዘዘለት ሰው ሁዳዴ ሲገባ ቁርሱን ትቶ ክኒኑን ሳይተው ቅዳሴ ቢቆም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ብዥ ይልበታል። አጠገቡ ያሉት «ጾሙ አድክሞት ነው» ይላሉ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ ያለ አደጋ እምብዛም የለውም። የትኛው ክኒን ይቀየር፣ የትኛው ወደ ማታ ይዙር፣ ኢንሱሊኑስ በስንት ይቀነስ የሚለው ከጾሙ 6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ በሐኪም የሚወሰን እንጂ በዋዜማው የሚገመት አይደለም። ማታ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሳምቡሳው፣ ጭማቂው፣ በድንች ወጥ የተበላው እንጀራ ስኳሩን ሽቅብ ይሰዱታል።

«ሃይማኖቱ ራሱ ለታመመ ፈቅዶ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቁርኣን ለበሽተኛ ይፈቅዳል፣ የንስሐ አባትም ጾም ያቀላሉ። ግን የንስሐ አባቱም ሆኑ ሼኹ የሰውየው ኩላሊት እንዴት እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ሐኪሙ ሁለት መስመር ጽፎ ቢሰጠው ፈቃዱ መሠረት ያገኛል። ማቀድ መፍቀድ ነው ለሚሉም፣ አይደለም። ስኳሩ ሲወርድ ለማይታወቀው፣ ኩላሊቱ ለደከመ፣ ኢንሱሊን ለምትወስድ ነፍሰ ጡር መልሱ አሁንም «አይሆንም» ነው። ለሁሉም የሚታደል «አይሆንም» ግን እነዚህ ዘንድ ሲደርስ ክብደቱ አልቋል። ለሚጾመው ደግሞ መለኪያው ከእጁ አይለይ፤ ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያፈርስም። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ፣ ለመግሪብ ሩብ ሰዓት ቢቀረውም እዚያው ያፍጥር።