ቪዲዮው ተማሪውን ይጠብቀው

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ሁሉ «ፕላዝማ» ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚተላለፍ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት ነበር። ተማሪው ምሳሌውን ገልብጦ ሳይጨርስ ስክሪኑ ወደ ሌላ ርእስ ያልፋል። ክፍል ውስጥ የቆሙት መምህርም ሊያስቆሙት አይችሉም፤ ሥርጭቱ ለሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ሰዓት የሚመጣ ነበርና። መብራት ከጠፋማ ትምህርቱም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም። ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይን ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ከተዘጉ ወዲህ ብዙ መምህራንና አስጠኚዎች ትምህርት ቀርጸው በቴሌግራም መላክ ለምደዋል። ዛሬ ማቆሚያው በተማሪው እጅ ነው። የሚያሳዝነው፣ አንዳንዶች የሚቀርጹት ይህ ማቆሚያ እንደሌለ ቆጥረው መሆኑ ነው። አርባውን ደቂቃ በአንድ ትንፋሽ ይሉታል!

ሳልማን ካን የተባለው አሜሪካዊ በ2004 እ.ኤ.አ. በሌላ ከተማ የምትኖር ታናሽ ዘመዱን ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ። ተማሪዎቹ ሲበዙበት በ2006 ትምህርቱን በዩቲዩብ አኖረላቸው። እነዚያ ዘመዶቹ ታዲያ ከእርሱ ከራሱ ይልቅ ቪዲዮው እንደሚሻላቸው ነገሩት። ለምን ቢባል፣ ያልገባቸውን ማንንም ሳያስቸግሩና ሳያፍሩ መልሰው ማየት ቻሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ እፍረቱ ይብሳል። ስድሳ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል «አልገባኝም» ብሎ እጁን የሚያወጣ ስንቱ ነው? ዝም ያለው ልጅ ገብቶት ይመስለናል፤ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ካርዱ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚታወቀው። ለዚህ ልጅ በስልክ የሚደርሰው ቪዲዮ ትልቅ ዕድል ነው።

ርዝመቱን በተመለከተ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። በኤዴክስ ከተሰጡ አራት ኮርሶች 6.9 ሚሊዮን ያህል የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምሮ ከ6 ደቂቃ ያላለፉት የተሻለ እንደሚታዩ፣ ከ9 ደቂቃ የሚበልጡትን ግን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ግማሽ ሳያደርሱ እንደሚተዉ አሳይቷል። እጅ እየጻፈ የሚያስረዳበትም ተነባቢ ጽሑፍ ብቻ ከሚታይበት ይልቅ ተማሪውን ይዞ ይቆያል።

እንግዲህ ክፍልፋይ የምታስተምሩ ከሆነ ታሕታቸው አንድ የሆኑትን መደመር ለብቻው፣ ታሕታቸው የተለያየውን ደግሞ ለብቻው ቅረጹ። ጥያቄ ጽፋችሁ «አሁን አቁሙና ሥሩ» በሉ። ይህን ሳትሉ መልሱን ከሰጣችሁ ልጁ የተመለከተውን እንደሠራው ይቆጥረዋል፤ ቪዲዮ ትልቁ ማታለያው ይህ ነው።

ውድ ካሜራ አያስፈልጋችሁም። ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፋችሁ ወደ ወረቀቱ አዙሩት፤ ብርሃኑ ከመስኮት በጎን ይግባ፣ የእጃችሁ ጥላ ጽሑፉን እንዳይሸፍነው። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ይታለፋል፤ ድምፅ ካልተሰማ ግን ትምህርት የለም። ስለዚህ የታክሲ ጥሩምባና የጎረቤት ጄኔሬተር ጸጥ የሚልበትን ሰዓት ምረጡ። ስትልኩም ጥራቱን ዝቅ አድርጉት፤ ቁጥሩ ከተነበበ ይበቃል። ለዳታ የሚከፈለው ከእናት መቀነት የሚወጣ ነውና።

ከዚያ ተማሪዎቹ የሠሩትን ደብተር ፎቶ አንሥተው ይላኩላችሁ። ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳቱ ያንኑ ሦስት ደቂቃ ብቻ በሌላ ምሳሌ እንደገና ቅረጹ፤ ሌላውን አትንኩት።