የሰውን ጊዜ ስለ ማባከንና ስለ ዘለዓለም

በግዕዝ ቋንቋ «ዓለም» የሚለው ቃል ሁለት ትርጓሜ አለው። አንደኛው ይህ የምናየውና የምናልፍበት ኑሮ ነው፤ ሁለተኛው ፍጻሜ የሌለው ዘመን ነው። «ዘለዓለም» የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። አላፊውና የማያልፈው በአንድ ስም መጠራታቸው ለሚያስተውል ሰው ትምህርት ይሆነዋል። ብዙ ሰው ግን ሁለቱን ፈጽሞ ይለያያቸዋል፤ ዘለዓለም ከሞት በኋላ የሚገቡበት ሩቅ አገር ይመስለዋል፤ ዛሬ በእጁ ያለችውን ሰዓት ግን ከዚያ ጋር አንዳች ግንኙነት እንደሌላት አድርጎ ይንቃታል። ከዚህም የተነሣ «በእግዚአብሔር ዘንድ ጊዜ ሞልቷል፤ ምን ያስቸኩላል» እያለ ሥራውን ለነገ ያሳድራል። በእግዚአብሔር ዘንድ ጊዜ መሙላቱ እውነት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ጥቂት ነው።

ስለ ዘለዓለም አጥብቀው ያስቡ የነበሩ የቀድሞ ሊቃውንት ጊዜን እንዴት እንዳከበሩ ለማወቅ የባሕረ ሐሳብን ትምህርት መመልከት ይበቃል። በዚህ ትምህርት አንዲት ዕለት፣ ማለት ሌሊቱና ቀኑ በአንድነት፣ በ60 ኬክሮስ ትከፈላለች፤ አንዱም ኬክሮስ በዛሬው ሰዓት 24 ደቂቃ ነው። ኬክሮስ በ60 ካልዒት፣ ካልዒት በ60 ሣልሲት ይከፈላል፤ እንዲሁ በራብዒትና በኃምሲት አልፎ እስከ ሳድሲት ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሲባዛ አንዲት ዕለት 46,656,000,000 ሳድሲት ትሆናለች። ይህን ያህል የረቀቀ ጊዜ የሚለካ መሣሪያ በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ሊቃውንቱ ግን በእጅ የማይያዘውን በአሳብ ከፍለው ስም አወጡለት። በዚያው ትምህርት ደግሞ የ19 ዓመት አውደ አበቅቴ፣ የ28 ዓመት አውደ ፀሐይ፣ የ76 ዓመት አውደ ማኅተም፣ የ532 ዓመት አውደ ቀመር ይቆጠራል። ከዓይን ጥቅሻ የሚያንሰውንና ከሰባት ሽማግሎች ዕድሜ የሚበልጠውን በአንድ ሒሳብ መያዛቸው፣ ትልቁን የሚያስብ ሰው ትንሹን እንደማይንቅ ያስረዳል።

እኛስ የተሰጠን ምን ያህል ነው? አንድ ሰው 70 ዓመት ቢኖር የዕድሜው ቀን ሁሉ 25,567 ያህል ነው፤ ከዚህም ሲሶው በእንቅልፍ ያልፋል። 25,567 ብር የያዘ ሰው በየመንገዱ አንዳንድ ብር እየጣለ ቢሄድ ዘመዶቹ ደንግጠው ወደ ጠበል ይወስዱታል። ቀኑን እንዲሁ እየጣለ የሚሄደውን ግን «ደኅና ነህ ወይ» ብለን ሰላምታ ሰጥተነው እናልፋለን።

የራስን ጊዜ ማባከን ጥፋት ቢሆንም ጉዳቱ ይልቁንም በባለቤቱ ላይ ነው። ከዚህ የሚከፋው የሌላውን ሰው ጊዜ ማባከን ነው። ባላገሩ በአዝመራ ወራት እርሻውን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ስለ አንድ ማኅተም ከተማ ይመጣል። ከበሩ ሲደርስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል፤ በማግሥቱ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ በሦስተኛው ቀን «ነገ ተመለስ» ይባላል። ይህን የሚለው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ በተንቀሳቃሽ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሰዓቱ ያመለጠው ሰው ነው። የእርሱ ጥቂት ደቂቃ ግን ከበሩ ውጭ ስትደርስ ትበዛለች። ዐሥር ሰው ቆሞ ሳለ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢዘገይ፣ የጠፋው ጊዜ በቀን 5 ሰዓት ነው። በዓመት በ250 የሥራ ቀን ሲታሰብ 1,250 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ስምንት ስምንት ሰዓት ሲከፈል ከ156 የሥራ ቀን ይበልጣል። እንግዲህ ይህ ሠራተኛ ማንንም ሳይሰድብ፣ ጉቦም ሳይቀበል፣ ከአንድ ሰው የዓመት ሥራ ከግማሹ በላይ አጥፍቷል ማለት ነው።

ገንዘብ የወሰደ ሰው ሊመልስ ይችላል። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል መግባቱ በወንጌል ተጽፏል። የሰውን ቀን የወሰደ ግን አራት እጥፉ ይቅርና ያቺን አንዲቱን ቀን እንኳ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ያለፈች ቀን ከሰው እጅ ወጥታ ወደማያልፈው መዝገብ ገብታለች። አላፊው ከማያልፈው ጋር የሚገናኘው በዚህ ነው፤ እዚህ የጠፋችው ሰዓት እዚያ ትገኛለች፤ ከማን እጅ እንደ ጠፋችም ይጠየቃል።

አንዳንድ ሰው ለዚህ ነገር በምሳሌ ይመልሳል፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ምሳሌው መልካም ነው፤ ሰነፍ ግን ሊጠጋበት አይችልም። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ዶሮይቱ 21 ቀን ያህል ሳትሰለች ታቅፋው ነው። ጥላው ብትዞር እንቁላሉ ይበላሻል እንጂ እግር አያወጣም። ስለዚህ ይህ ተረት የሚያመሰግነው ትዕግሥትን ነው እንጂ መዘግየትን አይደለም። ትዕግሥተኛ ቀስ እያለ ይሠራል፤ ሰነፍ ግን ቀስ እያለ ይቀመጣል።

ደግሞም ከሥራ ማረፍ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው ማለታችን እንዳይደለ አንባቢ ይረዳልን። የሰንበት ዕረፍት፣ የታመመ መጠየቅ፣ ከሐዘንተኛ ጋር ለቅሶ መቀመጥ፣ ለልጅ ፊደል ማስቆጠር ጊዜን ለሰው መስጠት ነው። የተሰጠ ነገር ደግሞ ጠፋ አይባልም። ጠፋ የሚባለው ለራስም ለሰውም ሳይሆን የቀረው ነው።

እንግዲህ ከእያንዳንዳችን የሚፈለገው ሥራ ከባድ አይደለም። ባለጉዳይ የመጣበት ሰው ጉዳዩን ዛሬ መፈጸም ቢችል ዛሬ ይፈጽም፤ የማይችል ቢሆን ገና በጠዋቱ እውነቱን ነግሮ የሚፈጸምበትን ቀን ይቁረጥለትና ቀኑን ይጠብቅ። ስብሰባ የጠራ ሰው በቀጠረው ሰዓት ይጀምር፤ በሰዓቱ የመጡትን ስለ ዘገዩት ሲል አይቅጣ። መሥሪያ ቤትም የሥራውን ፍሬ ሲቆጥር የታተመውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን በደጁ የቆመውን ሰው ሰዓት ይቁጠር።

ዘለዓለምን ለማሰብ ወደ ገዳም መግባት ለሁሉ አልተሰጠም። በበሩ ላይ የቆመውን ሰው ቶሎ ማሰናበት ግን ለሁላችንም ተሰጥቷል። የዛሬዪቱ ዕለት 60 ኬክሮስ ገና አልተፈጸመም፤ ልብ ያለው ልብ ይበል።