የራስና የአንገት ካንሰር፦ ወደ ሙላጎ የሚወስደው መንገድ ለምን ረዘመ?

በአውሮፓውያኑ 2016 የዩጋንዳ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማሽን ካምፓላ በሚገኘው የዩጋንዳ ካንሰር ተቋም ተበላሽቶ ቆመ። ተተኪው ሥራ እስኪጀምር ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ፈጀ። አቅም ያላቸው ሕሙማን ወደ ናይሮቢ ሲያቀኑ፣ ብዙዎች ግን ያለ ጨረር ሕክምና ቀሩ።

ዓለም ስለ ማሽኑ ብዙ ተነጋገረ። ለራስና ለአንገት ካንሰር ሕሙማን ግን ውድ የሆነው ጊዜ የሚባክነው ማሽኑ ዘንድ ከመድረሳቸው አስቀድሞ ነው።

የበሽታው የመጀመሪያ ምልክቶች ቀላል ይመስላሉ፦ የማይድን የአፍ ቁስል፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የዘለቀ የድምፅ መጎርነን፣ ሕመም የሌለው የአንገት እብጠት። ቁስሉ የጥርስ፣ መጎርነኑ የጉንፋን ይባላል። ቲቢ በተስፋፋበት አካባቢ ደግሞ የአንገት እብጠት የንፍፊት ቲቢ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፤ ካንሰሩ ግን አይጠብቅም።

ጥርጣሬው ከተነሣ በኋላም መንገዱ አያጥርም። የአንገት በላይ ሐኪም ጉሮሮውን በመሣሪያ ያያል፤ ናሙና ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል፤ ቀጥሎ የበሽታው ስርጭት በሲቲ ስካን ይታያል። እነዚህን አገልግሎቶች ፍለጋ ከጉሉ ወይም ከአሩዋ ካምፓላ ለሚመጣ ገበሬ እያንዳንዱ ቀጠሮ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ነው። ገንዘቡ ያለቀበት ሰው የናሙናውን ውጤት ሳይሰማ ሊቀር ይችላል።

የመዘግየቱ ዋጋ ከባድ ነው። በጊዜ የተደረሰበት የማንቁርት ካንሰር ብዙ ጊዜ በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል። ሥር ከሰደደ ግን ማንቁርቱን ማውጣት፣ ማለትም የተፈጥሮ ድምፅን ማጣት፣ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሙላጎ በዚህ ረገድ ታላቅ ታሪክ አለው። የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ዴኒስ በርኪት በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውንና ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ዕጢ አስተውሎ በ1958 ጥናቱን ያሳተመው እዚያ ሲሠራ ነበር። የካንሰር ተቋሙም በ1967 በዚያው በሙላጎ ተመሠረተ።

ጉዳዩ የዩጋንዳ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ማሽን መጨመር ግድ ነው፤ ሆኖም የሕመምተኛውን ዕድል አስቀድሞ የሚወስነው፣ በመድኃኒት ያልጠፋን እብጠት ያየ የገጠር ጤና ባለሙያ ሌላ መድኃኒት በመስጠትና ለናሙና ምርመራ በመላክ መካከል የሚያደርገው ምርጫ ነው።